ስቶርሞንት፦ የራስ አስተዳደርን ሲቃወሙ የኖሩ ሰዎች 50 ዓመት የገዙበት ፓርላማ

ስለ ብሪታንያ የራስ አስተዳደር ታሪክ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከስኮትላንድ ነው። በ1997 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ በ1999 የኤድንብራ ፓርላማ ሥራ ጀመረ፣ በ2014 ደግሞ የመገንጠል ድምፅ ተሰጠ ይባላል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን ለንደን የመጀመሪያውን የክልል ፓርላማ የከፈተችው ከኤድንብራው 78 ዓመት ቀድማ፣ በ1921፣ በሰሜን አየርላንድ ነው። ይህ ፓርላማ ግማሽ ምዕተ ዓመት ኖሮ በደም ተዘጋ። እንዴት እዚያ ደረሰ?

አመጣጡ ራሱ ግራ የሚያጋባ ነው። የራስ አስተዳደር የአየርላንድ ካቶሊኮች የረጅም ጊዜ ጥያቄ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በ1886 እና በ1893 ሕግ አድርጎ ለማጽደቅ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ወደቀበት። በሰሜን የሚኖሩት ፕሮቴስታንቶች ደግሞ በደብሊን ፓርላማ ሥር አናሳ ሆነን እንዋጣለን ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። በ1912 ከ200 ሺህ በላይ ወንዶች የተቃውሞ ቃል ኪዳን ፈረሙ። በ1914 በሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃ በድብቅ በመርከብ አስገቡ።

በ1920 ለንደን አማካይ መንገድ ያለችውን ሕግ አወጣች። ደሴቲቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ለደቡብም ለሰሜንም አንዳንድ ፓርላማ ተሰጠ። ደቡቡ አልቀበልም ብሎ ተዋግቶ የራሱን መንግሥት መሠረተ። ስለዚህ የራስ አስተዳደሩ የተረፈው ለማይፈልጉት ለሰሜን ፕሮቴስታንቶች ሆነ። በሰኔ 1921 ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ቤልፋስት ሄዶ ፓርላማውን ከፈተ። ጄምስ ክሬግ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

አዲሱ ክልል ስድስት አውራጃዎች ነበሩት። ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ፕሮቴስታንት፣ አንድ ሦስተኛው ካቶሊክ ነበር። ትናንት አናሳ እንሆናለን ብሎ የሰጋው ወገን በአንድ ጀምበር አብላጫ ሆነ፤ አዲስ አናሳም ተፈጠረ። የገዢዎቹ ስጋት ከምንም የተነሣ አልነበረም። ብዙ ካቶሊኮች ክልሉን ከነአካቴው አልተቀበሉትም፤ የታጠቁ ኃይሎችም ያጠቁ ነበር። ችግሩ ያ ስጋት የአስተዳደር መመሪያ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ሕጉ ለአናሳው ጥበቃ አልነፈገም ነበር። በሃይማኖት የሚያዳላ ሕግ ማውጣት ይከለክላል። ምርጫውም አናሳው በድምፁ ልክ መቀመጫ በሚያገኝበት በተመጣጣኝ ውክልና እንዲሆን ደንግጓል። የለንደን ፓርላማ የበላይነትም እንደተጠበቀ ነው ይላል። ሆኖም በ1922 የቤልፋስት መንግሥት ለአካባቢ ምርጫ ተመጣጣኝ ውክልናን ሰረዘ። ለንደን ንጉሣዊ ፈቃዱን ለተወሰነ ጊዜ ብታዘገይም፣ የክሬግ መንግሥት ሥልጣን እለቃለሁ ብሎ ሲያስፈራራ አሳለፈችው። በ1929 የፓርላማው ምርጫም ተራ ደረሰው። በ1923 የለንደን አፈ ጉባኤ ለቤልፋስት በተላለፉ ጉዳዮች ላይ የሚነሣ ጥያቄ ለቤልፋስት ሚኒስትሮች ይቅረብ ብሎ ወስኖ ስለነበር፣ አቤት የሚባልበት በር ጠበበ።

ውጤቱን ለማየት ዴሪ ከተማን መመልከት ይበቃል። አብላጫው ነዋሪ ካቶሊክ ነው። የምርጫ ቀጠናዎቹ ግን ካቶሊኮቹን በአንድ ቀጠና አጭቀው፣ ከ20 የምክር ቤት መቀመጫ 12ቱን ለገዢው ወገን እንዲሰጡ ሆነው ተከፋፈሉ። በአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ የቤት ግብር ከፋይና የትዳር ጓደኛው ብቻ ነበር። ከወላጅ ጋር የሚኖር ጎልማሳም ሆነ ደባል ተከራይ አይመርጥም። የመንግሥት ቤት የሚያድለው የአካባቢው ምክር ቤት ነው። እንግዲህ ቤት መስጠት ድምፅ መስጠት ማለት ሆነ፤ ቤት መንፈግም እንደዚያው።

በ1968 የተነሣው የሲቪል መብት ንቅናቄ የጠየቀው እነዚህን ነው፦ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ፣ ፍትሐዊ የቤት ድልድል። ጥቅምት 5 ቀን ዴሪ ላይ ፖሊስ ሰልፈኛውን በዱላ ሲደበድብ በቴሌቪዥን ታየ። በ1969 የብሪታንያ ጦር ገባ። በጥር 1972 ወታደሮች በዚያችው ከተማ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፤ 14ኛው ቆይቶ ሞተ። በመጋቢት ለንደን የጸጥታ ሥልጣኑን አስረክቡኝ አለች፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ፎክነር እምቢ አለ፤ ፓርላማው ታገደ። 50 ዓመት ሙሉ ማረም ስትችል ያላረመችው ለንደን፣ በመጨረሻ የቀራት አማራጭ ማፍረስ ብቻ ሆነ። ግጭቱ እስኪበርድ 3,500 ያህል ሰዎች አለቁ።

የ1998ቱ ስምምነት ሥልጣኑን ሲመልስ በቀድሞው መልክ አልመለሰውም። የመንግሥቱን መሪነት ሁለቱ ወገኖች እኩል ይዘውታል፤ አንዱ ከለቀቀ ሌላውም አብሮ ይወርዳል። ይህ ዋጋ አለው፦ አስተዳደሩ ከ2017 እስከ 2020፣ እንደገና ከ2022 እስከ 2024 ቆሟል። ተቺዎቹ አሠራሩ ሽባ ነው ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን መንግሥት ለሁለት ዓመት ሲቆም የሚጠፋው በጀትና አገልግሎት ነው። የቀድሞው አሠራር ያጠፋው ሕይወት ነው።

በየካቲት 2024 ሚሼል ኦኒል በስቶርሞንት ቀዳማዊ ሚኒስትር ሆና ተሾመች፤ ከብሔርተኞቹ ወገን የመጀመሪያዋ ናት። ያ ሕንፃ በ1932 ሲመረቅ የእርሷ ወገን እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ስለ ራስ አስተዳደር የሚደረገው ክርክር ሁልጊዜ ማዕከሉ ምን ያህል ሥልጣን ይልቀቅ በሚለው ላይ ያተኩራል። ስቶርሞንት የተወው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሥልጣኑ ክልሉ ከደረሰ በኋላ፣ እዚያ በቁጥር ያነሰው ሰው ቤት ሲነፈግ ለማን ይጮኻል?