ቀይ ሹራብ

አንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ጎሮ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። መብራት ወዲያው ጠፋ (መቼም እሱ ሰበብ አይፈልግም)። ቡና ጠርተውኝ ጎረቤቴ እማማ ቤት ነበርኩ። ብልጭ ሲል ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አውርደው ተነሡና የግድግዳውን መስታወት በነጠላ ሸፈኑት። ቀጥለው የልጅ ልጃቸውን ቀይ ሹራብ አስወለቋት።

"ቀይ ይወዳል" አሉኝ። ማን እንደሚወድ አልጠየቅኋቸውም። እማማ መብረቅን በስሙ አይጠሩትም።

አልሳቅሁም። ልጅ ሆኜ ገጠር ሳለን አንድ እኩያዬ እረኛ ዝናብ ሽሽት ግራር ሥር ተጠግቶ መብረቅ ገደለው። ከለቅሶው የማልረሳው ሹክሹክታውን ነው። አንዱ "ቀይ ለብሶ ነበር" ይላል። ሌላዋ "እናቱ በበዓል ቀን ስትፈትል ነበር" ትላለች። ሴትዮዋ ልጇን ቀበረች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ጥፋተኛ ሆና ቀረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሽቅብና ቁልቁል ሲላተሙ ኤሌክትሪክ ይለያያል፤ ኔጋቲቩ በአብዛኛው ከታች ይከማቻል። አየር ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ግን ልክ አለው። በባሕር ጠለል ላይ ደረቅ አየር በአንድ ሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ሲደርስበት ይበረቀሳል። ከደመናው ደብዛዛ መንገድ እየቆራረጠ ይወርዳል፤ ከምድርም ከረጃጅም ነገሮች ጫፍ ሌላ ይነሣል። ሲገናኙ ያ የሚያሳውረን ብርሃን ከታች ወደ ላይ ይሮጣል። "መብረቅ ወደቀ" እንላለን እንጂ ብርሃኑስ የሚወጣ ነው፤ የቋንቋ መምህር ለነበረ ሰው ይህች ትንሽ ታስቃለች። አየሩ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል፤ በድንገት ሲለጠጥ ነጎድጓድ ይሆናል። ግራሩን ሲመታ ደግሞ ከግንዱ ወደ ተጠጋው ሰው ይዘላል። ልጁን የገደለው መጠለያው ነበር።

ፈረንጅም የራሱ ቀይ ሹራብ ነበረው። ነጎድጓድ ሲመጣ ደወል ቢደወል መብረቁ ይበተናል ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1752፣ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ከእናቱ ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር ሲገዛ፣ ፓሪስ አቅራቢያ በቤንጃሚን ፍራንክሊን ሐሳብ የቆመ የብረት ዘንግ ከነጎድጓድ ደመና ፍንጣሪ ሰጠ፤ መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑ ታወቀ። በዓመቱ ፕሮፌሰር ሪክማን ሴንት ፒተርስበርግ ቤቱ ውስጥ ይህንኑ ሊለካ ሲል ሞተ። ደወሉ ግን መደወሉን አልተወም። በ1784 ሙኒክ የታተመ አንድ መጽሐፍ በ33 ዓመት ውስጥ 386 የቤተ ክርስቲያን ማማዎች መመታታቸውን፣ 103 ደዋዮች ገመዱን እንደያዙ መሞታቸውን ቆጥሯል። ረጅም ማማ፣ እርጥብ ገመድ፣ ከሥሩ ሰው፤ ከግራሩ በምን ይለያል?

ይህን ሁሉ ለእማማ አወራኋቸው። ቀለም እንደማይመርጥ፣ ሜዳና ዛፍ ሥር መቆም እንጂ ሹራብ እንደማይጠራው ነገርኳቸው።

"ታዲያ ያ ልጅ ቀይ ባይለብስም ይሞት ነበር?"

"ዛፉ ሥር ከቆመማ አዎ።"

"እናቱ ይህን ሰምታለች?"

አልሰማችም። ከሞተች ቆየች።

እንደገና ብልጭ አለ። ልጅቷን መቁጠር አስተምሬያት ነበርና ጮክ ብላ ጀመረች። ዘጠኝ ላይ አጉረመረመ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፣ ወደ አያት በኩል መሰለኝ። ገና ቅርብ ነው፣ ከቤት አትውጪ አልኳት።

"በረደኝ" አለች።

እማማ ሹራቡን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ እንደያዙት ነው። ነጠላቸውን ከመስታወቱ አውርደው አለበሷት።