ይመር የሚለው ስም በቴኒስ ሜዳ



ሰሞኑን ዳውንታውን ዴንቨር፣ ዩኒየን ስቴሽን አጠገብ ተራ ስንጠብቅ ከሁለት የሥራ ጓደኞቼ ጋር ክርክር ገጠምን። ስዊድን ስለሚጫወቱት የይመር ልጆች ሳነሳ አንደኛው «ለመሆኑ ስንት ዋንጫ በሉ?» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ያ የተቀጣው ልጅ አይደል እንዴ?» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ተሳፋሪ መጣና ሳንጨርስ ተለያየን። ስለዚህ መልሴን እዚህ ልጻፈው። ረዘም ስለሚል ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ ልጀምር። አባታቸው ወንድወሰን ይመር ይባላሉ። ኢትዮጵያዊ የረጅም ርቀት ሯጭ ነበሩ፤ ኑሯቸውን ስዊድን መሠረቱ። በእኛ ደንብ ቢሆን ልጆቹ ኤልያስ ወንድወሰን እና ሚካኤል ወንድወሰን ይባሉ ነበር። የፈረንጅ ወረቀት ግን በስንቶቻችን ልጆች ላይ እንዳደረገው የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አደረገው። በዊምብልደን ሰሌዳ ላይ «ይመር» ተብሎ የሚነበበው ለዚህ ነው። ኤልያስ በ1996፣ ሚካኤል በ1998 እዚያው ስዊድን ተወለዱ።

ስዊድን በቴኒስ ተራ አገር አይደለችም። ቢዮርን ቦርግ ብቻውን 11 የግራንድ ስላም ድል አለው። ማትስ ቪላንደር 7፣ ስቴፋን ኤድበርግ 6 አላቸው። ዴቪስ ካፕ የሚባለውን የአገሮች ዋንጫ 7 ጊዜ ወስዳለች። የመጨረሻው ግን በ1998 ነበር፤ ሚካኤል በተወለደበት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብቅ ያለው ትልቅ ተጫዋች በ2009 ራፋኤል ናዳልን ፓሪስ ላይ የረታው ሮቢን ሶደርሊንግ ነው። እሱም በ2011 ታሞ ከሜዳ ወጣና ሳይመለስ ቀረ። የስዊድን ወንዶች የነጠላ ቴኒስ ባዶ ቤት ሆነ። በዚያ ባዶ ቤት ነው የሯጩ ልጆች የገቡት።

ኤልያስ በ2015 ያደረገውን ልንገራችሁ። አንድ ግራንድ ስላም 128 ተጫዋቾች አሉት። በደረጃቸው በቀጥታ የሚገቡት 104 ናቸው፤ 8ቱ በግብዣ ይገባሉ። የቀሩትን 16 ቦታዎች ለማግኘት በማጣሪያ ሦስት ተከታታይ ጨዋታ ማሸነፍ ግድ ነው፤ አንዱን ከተሸነፍክ ሻንጣህን ይዘህ ወደ ቤት ነው። ኤልያስ በዚያ ዓመት አራቱንም ግራንድ ስላሞች በማጣሪያ አልፎ ገባ። ሜልቦርን፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ኒውዮርክ፤ አሥራ ሁለት የማጣሪያ ድል፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው።

በ2016 ሁለቱ ወንድማማቾች በስቶክሆልም ኦፕን በጥንድ ተጫውተው ዋንጫውን አነሱ። ታላቁ 20፣ ታናሹ 18 ዓመቱ ነበር። ኤልያስ በ2018 ደረጃው እስከ 105ኛ ደረሰ። በቀጥታ የሚገቡት 104 መሆናቸውን አስታውሱና ልጁ በስንት ቁጥር በር ላይ እንደቆመ ራሳችሁ አስሉት።

ሚካኤል በሩን አልፎ ገባ። በ2021 ፓሪስ ላይ ጋኤል ሞንፊስን አሸንፎ ሦስተኛ ዙር ደረሰ። በዚያው ክረምት አሜሪካ ውስጥ ዊንስተን-ሳሌም ላይ ለፍጻሜ ቀረበ። ፍጻሜውን በሰፊ ውጤት ተሸንፏል፤ አልደብቅም። ግን ከሶደርሊንግ ወዲህ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በዚያ ደረጃ ለነጠላ ፍጻሜ የቀረበ የመጀመሪያው ስዊድናዊ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ስዊድን በዴቪስ ካፕ ካናዳን ስታሸንፍ ሁለቱን የነጠላ ጨዋታዎች ያሸነፉት ወንድማማቾቹ ናቸው። የቦርግ አገር ማሊያ በሁለት ሐበሻ ልጆች ትከሻ ላይ ነበር።

በሚያዝያ 2023 ሚካኤል የዓለም 50ኛ ሆነ። በሐምሌ ዊምብልደን ላይ 9ኛ ሆኖ የተመደበውን አሜሪካዊ ቴይለር ፍሪትዝን ሁለት ለባዶ ከተመራ በኋላ ሦስት ለሁለት ረታው። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ቅጣቱ መጣ።

ይህን በደንብ እንረዳው፤ ስም የሚጠፋው ግማሽ ወሬ ሲያዝ ነው። በተከለከለ መድኃኒት አልተከሰሰም። ከፍተኛ ተጫዋቾች በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የት እንደሚገኙ አስቀድመው ያስመዘግባሉ፤ መርማሪ ሳይነግራቸው ይመጣል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከታጡ ጥፋት ነው። ሚካኤል በ2021 ሦስት ጊዜ ታጣ ተባለ። መጀመሪያ ጉዳዩን ያየው ገለልተኛ ጉባኤ በ2022 ነጻ አወጣው። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ይግባኝ አለና የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ የ18 ወር እገዳ ፈረደበት። በነሐሴ ላይ ሚካኤል ከቴኒስ መሰናበቱን አሳወቀ። በ2025 ግን ተመልሶ ራኬቱን አነሳ።

ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። ደንቡ ደንብ ነው፤ የሚሞላ ወረቀትም የተጫዋቹ ኃላፊነት ነው። በ2023 ግንቦት ሊዮን ላይ ተናዶ ራኬቱን በዳኛው ወንበር ላይ ሰባብሮ ከጨዋታ ተባሯል። ይህም በታሪኩ ውስጥ ይጻፍ። የማልቀበለው ሌላውን ሁሉ ሰርዞ ይህን ብቻ ማስቀረትን ነው።

እንግዲህ «ስንት ዋንጫ በሉ?» ለሚለው፦ በትልቁ መድረክ በነጠላ ምንም፣ በጥንድ ያ የስቶክሆልሙ አንድ። እኛ ያደግነው በአበበ ቢቂላና በደራርቱ ወርቅ ስለሆነ ከዋንጫ ውጭ መለኪያ አናውቅም። መሐንዲስ ሳለሁ ግን ምሰሶን የምንለካው በተሸከመው ክብደት ነበር። እነዚህ ልጆች የአንድ ትልቅ የቴኒስ አገር ስም ከአሥር ዓመት በላይ ተሸክመዋል፣ ያውም በአያታቸው ስም።

ይህን የምጽፈው ለቴኒስ ፍቅር ብቻ አይደለም። እዚህ ኦሮራ ውስጥ ልጆቻችን በየሜዳው ኳስና ራኬት ይዘው ይሮጣሉ። ከጨዋታ ሲመለሱ የምንጠይቃቸው «አሸነፍክ?» ብቻ ነው። ሲያሸንፉ «የኛ ልጅ»፣ ሲወድቁ «ያ የተቀጣው ልጅ» የምንል ከሆነ የኛ መሆናቸው ምኑ ላይ ነው?

ያ ጓደኛዬ ይህን ካነበበ፣ ነገ ተራ ላይ እንጨርሰዋለን። ቡናው በእኔ ነው።

ሰላም እደሩ።