የጀርመን አውቶሞቢል ሠሪዎችና የኤሌክትሪክ መኪና

ካርል ቤንዝ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ባለ ሦስት ጎማ አውቶሞቢሉን በ1886 በስሙ አስመዘገበ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1888 ሚስቱ ቤርታ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፕፎርዝሃይም ድረስ በዚሁ ዓይነት መኪና ሄደች፤ በመንገድም ነዳጅ ከመድኃኒት ቤት ገዛች። ይህ የታወቀ ታሪክ ነው። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት አንድሬያስ ፍሎከን የተባለ የኮቡርግ ሰው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሠረገላ መሥራቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በ1900ም ፈርዲናንድ ፖርሽ በቪየና ለሎነር ኩባንያ የሠራው የኤሌክትሪክ መኪና በፓሪስ ኤግዚቢሽን ታይቷል። እንግዲህ ዛሬ ጀርመኖችን ያስጨነቃቸው ነገር ቀድሞ በእጃቸው የነበረ ነው።

የተዉትም ያለ ምክንያት አልነበረም። የእርሳስ ባትሪ ከባድ ነው፤ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ የቤንዚንና የናፍጣ ሞተር ሲያሻሽሉ መቶ ዓመት ኖሩ፤ በዚህም ጥበብ የሚተካከላቸው አልተገኘም ነበር። በ2015 ግን ፎልክስዋገን የናፍጣ መኪናዎቹን የጭስ ምርመራ በተንኮል ሲያሳልፍ እንደ ኖረ ተገለጠ፤ የናፍጣም ክብር ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ተፎካካሪው ከሁለት ወገን መጣ። የአሜሪካው ቴስላ በ2022 በበርሊን አጠገብ በግሩንሃይደ ፋብሪካውን ከፈተ። በቻይናም በ1984 በሻንጋይ ውል ተዋውሎ ለብዙ ዘመን የገበያው አንደኛ የነበረው ፎልክስዋገን፣ ይህን ስፍራ በ2023 ለቢዋይዲ ለቀቀ። ቢዋይዲ አስቀድሞ ባትሪ ሠሪ ነበረ። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ዕቃ ባትሪው ስለ ሆነ፣ ባትሪውን ራሱ የሚሠራ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ይችላል። በአዲስ አበባ ጎዳና የምናየው ባለ ኤሌክትሪክ ፎልክስዋገንም አብዛኛው በቻይና የተሠራ ነው።

ስለ ፋብሪካዎቹ ብዙ ይነገራል፤ በእኔ አስተያየት ግን ይበልጥ የሚያሳዝነው የመኪና ነጋዴው ነገር ነው። ነጋዴው ይተዳደር የነበረው በሽያጩ ብቻ ሳይሆን ዘይት በመለወጥና ሞተር በማደስ ጭምር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የሞተር ዘይት አይለወጥለትም። ቴስላ ያለ ነጋዴ ራሱ ለገዢው ይሸጣል። ፎልክስዋገንም በ2020 የኤሌክትሪክ መኪናዎቹን ማቅረብ ሲጀምር፣ የጀርመን ነጋዴዎቹን ዋጋ የማይወስኑ ወኪሎች አድርጎ ኮሚሲዮን ይከፍላቸው ጀመር።

በዚህ ላይ የጀርመን መንግሥት ለገዢዎች ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ዲሴምበር 17 ቀን 2023 በድንገት አቋረጠ። ማመልከቻ የሚቀርበው መኪናው ከተመዘገበ በኋላ ስለ ነበረ፣ አዝዞ የሚጠብቀው ሰው ከመንግሥት የሚያገኘው ገንዘብ ቀረበት። በ2023 ከ524,000 በላይ የነበረው አዲስ የተመዘገበ የኤሌክትሪክ መኪና በ2024 ወደ 381,000 ገደማ ወረደ።

በ2024 መጨረሻ ፎልክስዋገንና የሠራተኛው ማኅበር ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማሙ። በስምምነቱም እስከ 2030 ድረስ ከ35,000 በላይ የሥራ ቦታ በጀርመን እንዲቀነስ፣ የድሬስደንም ፋብሪካ በ2025 መጨረሻ መኪና መሥራቱን እንዲያቆም ተወሰነ። በዚያ ፋብሪካ በመጨረሻ ይሠራ የነበረው መኪና የኤሌክትሪክ ነበር።