ከዊልሰን እስከ ማውን፦ የጀማሪ አብራሪዎች የሥራ በር

በትናንሽ አውሮፕላኖች ሰውና ዕቃ ወደ ገጠር ማመላለስ በአፍሪካ መተዳደሪያ ከሆነ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የሙያው መናኸሪያ ናይሮቢ ነበረች። ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን የተባለች ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከአብራሪው ቶም ካምቤል ብላክ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1929 ዊልሰን ኤርዌይስን አቋቋመች። ድርጅቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልተሻገረም፤ የናይሮቢው አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ግን እስካሁን በስሟ ይጠራል።

በዚያ ዘመን ሥራ የሚገኘው በትውውቅ ወይም በራስ አውሮፕላን ነበር። ፈረስ አሠልጣኟ ቤሪል ማርካም በረራን ከብላክ ተምራ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ካወጣች በኋላ፣ ፖስታና መንገደኛ እያመላለሰች፣ ለአዳኞችም የዝሆን መንጋ ከአየር እየፈለገች ትተዳደር ነበር። በ1936 ከእንግሊዝ ተነስታ አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብቻዋን ያቋረጠችው በዚህ ሥራ ከተፈተነች በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ የሙያው መንገድ ሌላ ነበር። በ1946 በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሲ-3 አውሮፕላኖቹ መኪና በማይደርስባቸው ከተሞች የሣር ሜዳ ላይ ሲያርፍ የሚሠራው ይህንኑ የገጠር በረራ ነበር። ይሁን እንጂ አየር መንገዱ ውሎ አድሮ አብራሪዎቹን ራሱ አሠልጥኖ በረዳትነት ማስቀመጥ ስለጀመረ፣ የበረራ ሰዓት ፍለጋ በየደጁ መንከራተት የኢትዮጵያዊ ጀማሪ የተለመደ ዕጣ አልሆነም።

በሌላው አፍሪካ ግን ሥራው እየሰፋ ሄደ። በ1957 የተመሠረተው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ከዊልሰን ይነሣ ነበር። የሳፋሪ ቱሪዝም ተከተለ። በ1989 ለደቡብ ሱዳን የእርዳታ ዘመቻ ሲጀመር የሰሜን ኬንያዋ ሎኪቾጊዮ የአውሮፕላን ከተማ ሆነች። ከዊልሰን ወደ ሶማሊያ ጫት የሚያደርሱ አውሮፕላኖችም ለብዙ አብራሪ እንጀራ ሆነዋል።

የጀማሪው ችግር ከፈቃድ ደረጃዎች ይመነጫል። በዓለም አቀፉ መመዘኛ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ በ200 ሰዓት፣ በጸደቀ ተከታታይ ሥልጠና ደግሞ በ150 ሰዓት ይገኛል። የትልልቅ አውሮፕላን ካፒቴን ለመሆን የሚጠየቀው ግን 1,500 ሰዓት ነው። ቀጣሪ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምድ ደግሞ ሳይቀጠሩ አይገኝም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተለያየ አገር ወጣቶች ከሚጎርፉባቸው ቦታዎች አንዷ በሰሜን ቦትስዋና የምትገኘው ማውን ናት።

ማውን የኦካቫንጎ ውኃማ ምድር መግቢያ ናት። የቱሪስት ካምፖቹ በውኃ በተከበቡ ደሴቶች ላይ ስላሉ እንግዳውም አትክልቱም መለዋወጫውም በአብዛኛው በአየር ይገባል። ጀማሪው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ባለ አንድ ሞተሩ ሴስና 206 ነው፤ ሲበስል ካራቫን ወደሚባለው ተለቅ ያለ አውሮፕላን ያድጋል። ጠዋት ከነዳጅ ጋኑ ጥቂት ቀድቶ ውኃ እንዳልገባበት በብርሃን ያያል፤ የእንግዶቹን ለስላሳ ሻንጣዎች ራሱ መዝኖ ይጭናል። ካምፑ ሲደርስ መጀመሪያ በአፈሩ መንደርደሪያ ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ዝሆን ወይም ሚዳቋ ካለ ገለል እስኪል ዞሮ ይመለሳል። በረራው አጭር ስለሆነ በቀን ደጋግሞ ይነሣል፣ ደጋግሞ ያርፋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 945 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ በጥቅምት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ አየሩ ይሳሳል፣ የተጫነ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንደርደር ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያሰላው ረዳት የሌለው፣ ገና ልምድ ያላካበተ ወጣት ነው። የሙያው ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው፤ አዲስ ገቢውን በየማረፊያው ነባር አብራሪ ሳያሳየው ብቻውን የሚልክ ድርጅት በሰው ሕይወት ይቀልዳል።

ቅጥሩ ለረጅም ጊዜ የተመሠረተው በአካል በመገኘት ላይ ነው። ፈላጊው ነባሮቹ ወደ አየር መንገድ ሲሄዱ የሚለቀቁትን ቦታዎች አስቦ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ከሚዘልቀው የቱሪስት ወቅት ቀደም ብሎ ይደርሳል። የሥራ ልምዱን በወረቀት ይዞ ከሃንጋር ሃንጋር ይዞራል፤ ሳምንታትና ወራት በራሱ ገንዘብ ይጠብቃል። አንዳንዱ በዚህ መሀል ቢሮ ውስጥ ያገለግላል ወይም አውሮፕላን ያጥባል። ድርጅቶቹ በዚህ ጥበቃ ውስጥ የሰውዬውን ጠባይና ትዕግሥት ስለሚያዩ፣ ከሩቅ የተላከ ማመልከቻ ደጅ ላይ የቆመውን ሰው እምብዛም አይቀድምም።

ሆኖም መቀጠር ብቻውን መብረር ማለት አይደለም። የውጭ የአብራሪነት ፈቃድ በቦትስዋና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መጽደቅ፣ የአየር ሕግ ፈተናም መታለፍ አለበት። የሥራ ፈቃዱ ደግሞ ቅድሚያ ለዜጎች በመሆኑ በቀላሉ አይገኝም። ማውን ደርሶ ሥራ ያገኘ የውጭ አገር ሰውም የሥራ ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ ለደመወዝ ማብረር አይችልም።