በሩ የማን ነው? የጠማቂና የመጠጥ ቤት ታሪክ ከለንደን እስከ ወላይታ ሶዶ



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ዓይነት አስተያየት ደርሶኛል። አንድ ባልደረባዬ በመጨረሻ ደስ የሚል ርእስ አገኘህ ብሎኛል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነ ሌላ ወዳጄ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ስለ መጠጥ ማስተማሬ አሳዝኖታል። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፤ የምናገረው ስለ መጠጡ ሳይሆን መጠጡ ስለሚሸጥበት ቤት በር ነው። የበሩ ባለቤት ማን ነው? በበሩ የሚገባውን የሚወስነው ማን ነው? የእንግሊዝን ታሪክ ያመጣሁትም ይህ ጥያቄ እዚያ ለሰባት መቶ ዓመታት ያህል በመዝገብ ላይ ስለሚገኝ ነው። የእንግሊዝን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ ዓመተ ምሕረት እጠራለሁ።

ከጣሳው ልጀምር። በጠላ ቤት በር ላይ፣ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ያላየ ከመካከላችሁ የለም። ጽሑፍ የለበትም፤ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ግን ያነበዋል፦ እዚህ ቤት ጠላ ደርሷል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝም ኤል የጠመቀች ሴት ቅጠል የታሰረበትን ረጅም እንጨት በበሯ ላይ ታወጣ ነበር። ኤል ከብቅልና ከውኃ የሚጠመቅ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚኮመጥጥ መጠጥ ነበርና ሩቅ መንገድ አይችልም። ስለዚህ ጠማቂዋና ሻጯ አንድ ሰው ናት፤ ጓዳዋ ፋብሪካ፣ ሳሎኗ መጠጥ ቤት ነው። እነዚህን ሴቶች ብቻ የሚያመለክት «ብሩስተር» የሚል ቃል ነበራቸው።

ስለ እነዚህ ሴቶች ይህን ያህል ማወቅ የተቻለው እንዴት ነው? ማስታወሻ አልጻፉም፤ አብዛኞቹም መጻፍ አይችሉም ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የወጣ የዳቦና የኤል ዋጋ ድንጋጌ የኤልን ዋጋ ከእህል ዋጋ ጋር አስተሳሰረው። በየመንደሩ ቀማሾች ተሾሙ፤ መለኪያ ያጎደለችው፣ ዋጋ የጨመረችው፣ ሳታስቀምስ የሸጠችው ሁሉ በአካባቢው ጌታ ችሎት እየቀረበች ትቀጣ ጀመር። ቅጣቱ እየዋለ እያደረ እንደ ፈቃድ ክፍያ ሆነ፤ የጠመቀ ሁሉ ይከፍላል፣ ጸሐፊውም ስም ይመዘግባል። ታሪክ ጸሐፊዋ ጁዲት ቤኔት ከ1300 እስከ 1600 ያሉትን የእንግሊዝ ሴት ጠማቂዎች ታሪክ ለመጻፍ የቻለችው በአብዛኛው በእነዚህ የቅጣት መዝገቦች ነው። ለቅጣት የተጻፈው ዝርዝር ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የሙያው ታሪክ ምንጭ ሆነ። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ሶዶ ስንመለስ እፈልገዋለሁ።

ከዚያ ሆፕ መጣ። እኛ ጌሾ የምንጨምርበትን ሥራ የሚሠራ አበባ ነው፤ መጠጡን ያመርረዋል፣ ዕድሜውንም ያረዝመዋል። በ1400 አካባቢ ከባሕር ማዶ የገባው ባለ ሆፕ ቢራ ሳይበላሽ ይቆያል፣ በጋሪና በመርከብ ይጓዛል። የሚቆይ ነገር በብዛት ሊመረት ይችላል፤ በብዛት ለማምረት ደግሞ ትልቅ የመዳብ ጋን፣ ብዙ ማገዶና ብድር ያስፈልጋል። በጊዜው ሕግ ያገባች ሴት በራሷ ስም ውል ለመዋዋል አትችልም ነበር። ሙያው ቀስ በቀስ ወደ ወንዶች ተሻገረ።

ብዙ መጻሕፍት ሁሉንም ነገር ለሆፕ ይሰጣሉ። እኔ እዚህ ላይ እለያለሁ፤ ማስረጃዬም ከጓዳችን ነው። ጌሾ በእጃችን ከኖረ ስንት ዘመኑ! ጠላችን በጌሾ ምክንያት ከቦርዴ የተሻለ ዕድሜ አለው፤ ሆኖም ጠላ ጠመቃ ከሴቶች እጅ አልወጣም። ስለዚህ ዕፁ ብቻውን ሴቶቹን አላስወጣም ማለት ነው። ያስወጣቸው ከዕፁ ጋር የመጣው ብድርና ብድሩን የነፈጋቸው ሕግ ነው።

ወደ ለንደን ልዝለል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፖርተር የተባለው ጥቁር ቢራ ጠማቂዎችን የሀገሪቱ ታላላቅ ባለሀብቶች አደረጋቸው። ሳሙኤል ዊትብሬድ በ1750 በቺስዌል ጎዳና ትልቁን ጠመቃ ተከለ። የበርሜሎቹን ግዝፈት ለመገመት አንድ አደጋ ይበቃል፤ በጥቅምት 1814 በቶተንሃም ኮርት ጎዳና በሚገኝ ጠመቃ አንድ በርሜል ፈንድቶ ጎርፉ በድሆች ሰፈር ስምንት ሰው ገደለ።

ይህን ያህል ቢራ የሚያመርት ሰው ጭንቀቱ ጠመቃው ሳይሆን ሽያጩ ነው። ስለዚህ ጠማቂዎቹ ለመጠጥ ቤት ባለቤቶች ገንዘብ ማበደር ጀመሩ። ተበዳሪው ዕዳውን እስኪከፍል የአበዳሪውን ቢራ ብቻ ይሸጣል። እንዲህ ያለው ቤት «የታሰረ ቤት» ተባለ፤ እባካችሁ፣ እስር ቤት አላልኩም፤ ምንም እንኳ ልዩነቱ ለአንዳንዱ ተከራይ ግልጽ ባይሆንለትም። ልብ በሉ፤ ማሰሪያው ከቤት ግዢ በፊት በብድር ተጀመረ።

ፓርላማው ይህን ማሰሪያ ለመበጠስና ድሃውን ከጂን ወደ ቢራ ለመመለስ በ1830 ሕግ አወጣ፤ ግብር የሚከፍል ማንኛውም ሰው ሁለት ጊኒ ከፍሎ ቢራ መሸጥ ይችላል አለ። በወራት ውስጥ ከሃያ ሺህ በላይ አዳዲስ ቢራ ቤቶች ተከፈቱ። የፀረ መጠጥ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ጮኹ፤ በ1869 የፈቃዱ ሥልጣን ወደ ዳኞች ተመለሰ፤ ዳኞቹም ፈቃድ ነፈጉ። እዚህ ላይ ታሪክ ቀለደ፤ ፈቃድ ብርቅ ሲሆን ፈቃድ ያለው ቤት ወርቅ ሆነ፤ ወርቅ መግዛት የሚችለው ደግሞ ጠማቂው ነው። ጊነስ በ1886 በለንደን አክሲዮን ሸጦ ገዢ ከተጋፋበት በኋላ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ከሕዝብ በሰበሰቡት ገንዘብ መጠጥ ቤቶችን እየተሻሙ ገዙ። ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ አብዛኛው የእንግሊዝ መጠጥ ቤት የጠማቂ ንብረት ወይም የጠማቂ ባለ ዕዳ ነበር። መጠጥን ለመቀነስ የተነሡት ሰዎች ሳያውቁ የመጠጥ ቤቱን በር ለፋብሪካው አስረከቡ።

የ20ኛውን ክፍለ ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በ1989 ስድስት ኩባንያዎች ከሀገሪቱ ቢራ ሦስት አራተኛውን ያመርቱ ነበር። መንግሥት ከ2,000 በላይ ቤት ያለው ጠማቂ ከትርፉ ግማሹን እስከ 1992 እንዲፈታ አዘዘ። ቤቶቹ ተሸጡ። የገዙት ግን አንዲት ጠብታ ቢራ የማይጠምቁ፣ ቤት ብቻ የሚያከራዩ ኩባንያዎች ሲሆኑ ተከራዩን በዚያው ዓይነት ውል አሰሩት። ዊትብሬድ ራሱ ከ250 ዓመት በኋላ ጠመቃውን ትቶ ወደ ሆቴል ንግድ ገባ። ትእዛዙ በ2003 ተሻረ፤ በ2016 ደግሞ 500 እና ከዚያ በላይ የታሰሩ ቤቶች ባሏቸው ኩባንያዎች ላይ አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ። ቋጠሮው እጅ ይቀያይራል እንጂ አይፈታም።

አሁን ወደ ሀገራችን። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ሜታ አቦ በሰበታ ተከተለ። ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ፤ በራሱም ዘመን ሐረርን አቆመ፤ በደሌ በሽግግሩ ጊዜ ሥራ ጀመረ። በ1990ዎቹ መባቻ የፈረንሳዩ ካስቴል ቅዱስ ጊዮርጊስን ገዛ። በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን በደሌንና ሐረርን በ163 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2004 ዓ.ም. ዲያጂዮ ሜታን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ። ዲያጂዮ ከአሥር ዓመት በኋላ ለካስቴል ሸጦ ወጣ። ዳሸን፣ ሐበሻ፣ ራያና ዘቢዳርም ገበያውን ተቀላቀሉ። ይህን ሁሉ በጋዜጣ ታገኙታላችሁ።

በጋዜጣ የማታገኙት የበሩን ነገር ነው። የእንግሊዝ ጠማቂ ቤት ገዛ፤ የእኛው አልገዛም። በእኔ ግምት ምክንያቱ የፋብሪካዎቹ ጨዋነት ሳይሆን ሕጉ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሺህ ቤት ሰብስቦ ማከራየትን የማይታሰብ አደረገ። በኋላም የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለሀገር ውስጥ ባለሀብት ተከልሎ ቆየ። ፋብሪካው በሩን መግዛት ስላልቻለ በሩን ማስጌጥ ጀመረ። ከዚህ ወጥታችሁ በሶዶ አደባባዮች ዙሪያ ያሉትን ግሮሰሪዎች ተመልከቱ። ጃንጥላው የማን ነው? ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የግድግዳው ቀለም፣ ማቀዝቀዣው፣ ድራፍት መቅጃው፣ ጃምቦው ሳይቀር የማንን ስም ተሸክሟል? ባለ ግሮሰሪው ፍሪጅ የሚገዛበት ብድር ባንክ አይሰጠውም፤ ፋብሪካው ወይም ወኪሉ ያውሰዋል። የተዋሰ ፍሪጅ ውስጥ የሌላ ጠርሙስ ማስገባት ደግሞ ይከብዳል፤ በጽሑፍ ውል ባይሆን በይሉኝታ፣ በይሉኝታ ባይሆን ሳጥን እንዳይቀርበት በመፍራት። ይህ የለንደኑ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ብድር ነው፤ በፓውንድ ፈንታ በማቀዝቀዣ የተከፈለ።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ ካነሣ ወዲህ የመጠጥ ቤቱ በር ዋጋ ከፍ ማለቱ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢንቨስትመንት ቦርድ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን በሁኔታዎች ለውጭ ባለሀብት የሚከፍት መመሪያ አወጣ። የአምራችና የቸርቻሪን ስምምነት በተመለከተ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለን፤ የሕግ ተማሪዎቻችን አዋጁን ከአንድ ግሮሰሪ ፍሪጅ አጠገብ ቆመው እንዲያነቡት እመክራለሁ።

የጣሳዋ ባለቤትስ? እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የተማርኩት በቦርዴ ነው። አክስቴ ለገበያ ቀን ቦርዴ ትጠምቅ ነበር። ሥራው ለማያውቁት፦ በቆሎ ይከካል፣ ይቦካል፣ ዱቄት ይቆላል፣ ገንፎ ይሠራል፣ በየደረጃው ይደባለቃል፣ በመጨረሻ ብቅል ይገባል፤ አራት ቀን ያህል ይፈጃል። ሲደርስ ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ አይታገሥም። ወፍራም ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ ተሸክሞ ለመጣ ገበሬ ምሳም ነው። እኔ ከትምህርት በፊት ውኃ እቀዳ ነበር፤ ቅሉን አጥቤ የምደረድረውም እኔ ነበርኩ። የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ከዚያ ጋን ወጣ።

ከዕለታት አንድ ቀን አክስቴ ወንጌል አማኝ ሆነች፤ ጋኑን ደፍታ ዳግመኛ አልጠመቀችም። ወላይታን ለማያውቅ ሰው ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ሊመስለው ይችላል። በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ወላይታ ገቡ፤ ጣሊያን ካስወጣቸው በኋላ ጥቂት የነበሩት አማኞች በራሳቸው ሰባክያን ወደ ብዙ ሺህ አደጉ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከዞኑ ነዋሪ ግማሹን አለፈ። መጠጥ መተው የዚህ እምነት የሚታይ ምልክት ነበር፤ በእንግሊዝም የፀረ መጠጥ ንቅናቄው መሠረት እንዲህ ያሉ ጉባኤዎች ነበሩ። አክስቴ በውሳኔዋ ስትጸጸት አላየኋትም፤ ሰላም አግኝታበታለች። እኔ የምጠይቀው እንደ ታሪክ ሰው ነው፦ የእሷ በር ሲዘጋ የማን በር ተከፈተ? ከገበያው የወጡት ቦርዴ ጠማቂዎች ብቻ ናቸው፤ ጠጪው አልወጣም። የእንግሊዙ የ1869 ቀልድ በእኛም ከተማ ተደግሞ እንደሆነ መመርመር ይገባል። ሽማግሌው ወዳጄ እዚህ ካለ ይህን እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ።

ለመመርመር ግን በምን? በልባችሁ ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይህ ነው። የአንድ ቢራ ፋብሪካ ሽያጭ ውል አለው፣ ዋጋ አለው፣ ፊርማ አለው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መለኪያ ያጎደለች እንግሊዛዊት መንደርተኛ እንኳ በስሟ ትገኛለች። አክስቴ ሰው አልቀጣትም፣ ፈቃድ አልጠየቃትም፣ ደረሰኝ አልቆረጠም፤ ያን ሁሉ ዓመት ሠርታ አንድም ወረቀት የላትም። ያለው የቃል ምስክርነት ነው፤ የቃል ምስክርነት ያላቸው ሴቶች ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ብዙዎቹም ስለዚያ ሥራ በልጆቻቸው ፊት መናገር ያፍራሉ። እኔ ራሴ አክስቴን መቅረጸ ድምፅ ይዤ ለመጠየቅ ስሰናዳ ስንት ዓመት አለፈ! በመጨረሻ የሄድኩት ለለቅሶ ነው።

ስለዚህ በመጪው ሴሚስተር ከታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ጋር በሶዶ፣ በአረካና በቦዲቲ ገበያዎች የቦርዴ፣ የጠላና የአረቄ ሴቶችን ቃል መሰብሰብ እንጀምራለን። እናቱ ወይም አያቱ ጠምቃ ያሳደገችው ተማሪ ካለ ከእሷ ይጀምር። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጋኑን ማን ገዛላት፣ ብቅሉን በዱቤ ማን ሰጣት፣ ቤቱስ የማን ነበር የሚለው ነው። ሃይማኖቷ ከከለከላትና መናገር ካልፈለገች አታስገድዷት።

 ወደ ጥያቄ እንለፍ።