የሳንፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ቡድን፡ ከ60 ተከታታይ ድል እስከ መዘጋት

እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውድድር የሳንፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲን የሚያህል ቡድን አልነበረም። በካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኘውና በካቶሊክ ኢየሱሳውያን ማኅበር የተመሠረተው ይህ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ፣ "ዶንስ" በሚል መጠሪያ በሚታወቀው ቡድኑ አማካይነት እ.ኤ.አ በ1955 እና በ1956 በተከታታይ የአገሪቱ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል። በ60 ተከታታይ ጨዋታዎችም ተጋጣሚዎቹን ሁሉ አሸንፏል። ከ26 ዓመታት በኋላ ቡድኑን የዘጋው ግን ተጋጣሚ ወይም የስፖርት ማኅበር ሳይሆን ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነበር።

ቡድኑ በመጀመሪያ ስሙ የተጠራው እ.ኤ.አ በ1949 በአሰልጣኝ ፒት ኒዌል እየተመራ በኒውዮርክ የሚካሄደውን ብሔራዊ የግብዣ ውድድር ባሸነፈበት ወቅት ነው። በፍጻሜው የቺካጎውን ሎዮላ 48 ለ 47 ረትቷል። ኒዌልን የተኩት አሰልጣኝ ፊል ዉልፐርት ደግሞ በመከላከል ላይ የተመሠረተ አጨዋወት ይዘው መጡ። የአጨዋወቱ ምሰሶ የነበረው ቢል ራስል በሉዊዚያና ግዛት ሞንሮ ከተማ ተወልዶ በኦክላንድ ያደገ፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ወጣት ሲሆን፣ የነጻ ትምህርት ዕድል የሰጠው ብቸኛው ዩኒቨርሲቲ የሳንፍራንሲስኮው ነበር።

ራስል የተጋጣሚን ኳስ በአየር ላይ በማክሸፍና ከቅርጫቱ የሚመለሱ ኳሶችን በመሰብሰብ የጨዋታውን መልክ ለወጠ። በኮሌጅ ቆይታው በአማካይ በየጨዋታው ከ20 በላይ ነጥብ ያስቆጥርና ከ20 በላይ ተመላሽ ኳስ ይይዝ ነበር። ተጽዕኖው በሕጉ ላይ ጭምር የታየ ሲሆን፣ ከቅርጫቱ ሥር ያለው የተከለለ ሥፍራ ስፋት ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ እንዲያድግ ተደርጓል።

የድሉ ጉዞ የተጀመረው በታኅሣሥ ወር 1954 ቡድኑ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 47 ለ 40 ከተሸነፈ በኋላ ነው። በዚያው ወር ለውድድር ወደ ኦክላሆማ ሲቲ የተጓዘው ቡድን ሌላ ፈተና ገጠመው። የከተማዋ ሆቴሎች ጥቁር ተጫዋቾችን አናሳድርም በማለታቸው፣ ነጮቹም ጥቁሮቹም ተጫዋቾች ተማሪዎቹ ለዕረፍት በወጡበት የኮሌጅ መኖሪያ ሕንፃ አብረው አደሩ። ራስል፣ ኬ ሲ ጆንስና ሃል ፔሪ፣ ሦስቱም ጥቁር አሜሪካውያን፣ በቋሚነት ይሰለፉ ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን እምብዛም የማይታይ ነው።

በመጋቢት ወር 1955 ሻምፒዮን የነበረውን ላሳልን 77 ለ 63፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አዮዋን 83 ለ 71 በማሸነፍ ዋንጫውን ወሰዱ። የ1956ቱ ቡድን 29 ጊዜ ተጫውቶ 29 ጊዜ ያሸነፈ ሲሆን፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን በመሆን በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ራስልና ጆንስ በዚያው ዓመት፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ ለአሜሪካ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኝተዋል። የሚያስገርመው ሻምፒዮኖቹ በግቢያቸው ለውድድር የሚበቃ የራሳቸው አዳራሽ አልነበራቸውም። አዳራሹ የተሠራው እ.ኤ.አ በ1958 ነው።

ተከታታይ ድሉ በታኅሣሥ ወር 1956 በኢሊኖይ 62 ለ 33 ተቋጨ። ዉልፐርት እ.ኤ.አ በ1959 ቡድኑን ለቀቁ፤ ከዓመታት በኋላም በዋሽንግተን ግዛት የትምህርት ቤት አውቶቡስ አሽከርካሪ ሆነው ሠርተዋል።

ቡድኑ ዳግም ያንሰራራው እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ በቢል ካርትራይት ዘመን ነበር። በ1977 የውድድር ዘመን የመጀመሪያዎቹን 29 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ የአገሪቱን የደረጃ ሠንጠረዥ መርቷል። ሆኖም በኖተርዳም 93 ለ 82 ከተሸነፈ በኋላ፣ በብሔራዊው ውድድር የመጀመሪያ ግጥሚያ በላስ ቬጋሱ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ 121 ለ 95 ተረቶ ተሰናበተ።

ከሜዳ ውጪ ያለው ችግር ግን ከሽንፈቱ የከፋ ነበር። ገንዘብ ያላቸው ደጋፊዎች ለተጫዋቾች ከደንብ ውጪ ጥቅም በመስጠታቸው ብሔራዊው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቡድኑን ሁለት ጊዜ ቀጥቷል። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አባ ጆን ሎ ስኪያቮም ጥፋቱ ከተደገመ ቡድኑ እንደሚዘጋ አስጠንቅቀው ነበር። እ.ኤ.አ በ1982 የቡድኑ ዋነኛ ነጥብ አስቆጣሪ በወንጀል ተከሶ ጉዳዩ ሲጣራ፣ ላልሠራው ሥራ ከአንድ ደጋፊ በየወሩ 1,000 ዶላር ይከፈለው እንደነበር ተናገረ። ፕሬዚዳንቱ በሐምሌ ወር ቡድኑን ዘጉት።

ውሳኔው ብዙ የቀድሞ ተማሪዎችን ያስቆጣ ቢሆንም፣ የዩኒቨርሲቲው ክብር ከዋንጫ ይበልጣል የሚለው የፕሬዚዳንቱ አቋም አልተለወጠም። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ቡድኑ እ.ኤ.አ በ1985 በቀድሞው ተጫዋች ጂም ብሮቬሊ አሰልጣኝነት ሲከፈት ሁሉን ነገር ከባዶ መጀመር ነበረበት። በመዘጋቱ የተነሳ የታወቁ ወጣት ተጫዋቾችን የመመልመል ልማዱ ተቋርጧል፤ በኋላም ጎንዛጋ የሚሳተፉበትን የምዕራብ ጠረፍ ሊግ ተቆጣጠረ። ወደ ብሔራዊው ውድድር የተመለሱት እ.ኤ.አ በ1998 ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዙር በዩታ ተሸንፈዋል።

ቀጣዩ ዕድል የመጣው ከ24 ዓመታት በኋላ ነው። በመጋቢት ወር 2022 በኢንዲያናፖሊስ ከመሪ ስቴት ጋር ባደረጉት ጨዋታ ጃማሪ ቡዬያ 36 ነጥብ ቢያስቆጥርም፣ ቡድኑ በጭማሪ ሰዓት 92 ለ 87 ተረታ። ራስል በዚያው ዓመት ሐምሌ 31 ቀን በ88 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። የቡድኑ አሰልጣኝ ቶድ ጎልደን ከመሪ ስቴቱ ሽንፈት በኋላ ወዲያው ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። እ.ኤ.አ በ2025 ፍሎሪዳ ሂዩስተንን 65 ለ 63 አሸንፎ የአገሪቱን ዋንጫ ሲያነሳ አሰልጣኙ እሳቸው ነበሩ።