የተሰረዙት ቁጥሮች፦ የመጀመሪያው ጥንድ ፑልሳር ታሪክ



ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ ተራ ቅጽ ነው። ቅጹ በ1974 በፖርቶ ሪኮ፣ በአሬሲቦ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጣቢያ የተሞላ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በቅጹ ላይ የአንድ ፑልሳር የምት ጊዜ ተጽፏል፤ ተሰርዟል፤ በምትኩ ሌላ ቁጥር ሰፍሯል፤ እርሱም ተሰርዟል። የሥነ ፈለክን ታሪክ ሳስተምር ከዚህ ቅጽ አብልጬ የምወደው ሰነድ የለኝም። ምክንያቱን ላስረዳ።

ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ሲፈነዳ እምብርቱ ተጨምቆ ኒውትሮን ኮከብ የሚባል አካል ሊቀር ይችላል። የዚህ አካል ወርድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከፀሐይ ይበልጣል። እየተሽከረከረ የሚረጨው የሬዲዮ ጨረር ምድርን በጠረገ ቁጥር ቴሌስኮፕ አንድ ምት ይቀበላል፤ እንዲህ ያለውን ኮከብ ፑልሳር እንለዋለን። ምቱ እጅግ የተስተካከለ በመሆኑ ፑልሳር በሰማይ የተሰቀለ ሰዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያውን ፑልሳር በ1967 በካምብሪጅ ከመመዝገቢያ ወረቀት ላይ ለይታ ያወጣችው ጆስሊን ቤል፣ ያኔ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች።

ከሰባት ዓመት በኋላ ሌላ የዶክትሬት ተማሪ፣ ራስል ሀልስ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በአማካሪው በጆሴፍ ቴይለር መሪነት አዳዲስ ፑልሳሮችን ፍለጋ ወደ አሬሲቦ ተላከ። የቴሌስኮፑ ሳሕን ወርድ 305 ሜትር ነበር፤ የኮምፒዩተሩ የማስታወስ አቅም ግን 32 ኪሎ ባይት ብቻ። ጁላይ 2 ቀን አንድ ደካማ ምልክት ተመዘገበ። ኮምፒዩተሩ ለዘገባ ብቁ ነው የሚለው ዝቅተኛ ጥንካሬ 7 ሲሆን የዚህኛው 7.25 ነበር። ጥቂት ቢደክም ኖሮ ማንም ባላየው ነበር። የምቱ ጊዜ 59 ሚሊ ሰከንድ ሆነ፤ በዚያን ጊዜ ከሚታወቁት ፑልሳሮች በፍጥነቱ ሁለተኛ ማለት ነው።

ኦገስት 25 ቀን ሀልስ ይህን የምት ጊዜ አጥርቶ ለመለካት ተነሣ። በዚያው ዕለት ያገኛቸው ሁለት ልኬቶች በ27 ማይክሮ ሰከንድ ተለያዩ። ልዩነቱ ለእኛ ኢምንት ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ሲታይ ግን ከፑልሳር የማይጠበቅ ነው። ሀልስ መጀመሪያ የጠረጠረው የራሱን ሥራ ነበር። በቅጹ ላይ የምናያቸው ስርዞች የዚህ ጥርጣሬ አሻራዎች ናቸው።

በዚህ ጊዜ ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩት፦ የቁጥሮቹን አማካይ ወስዶ ማለፍ፣ ወይም ፑልሳሩን ትቶ ወደ ሌላው መሄድ። እርሱ ግን ምልክቱን ይበልጥ አድቅቆ የሚመዘግብ አዲስ ፕሮግራም ጻፈ። ሴፕቴምበር 1 እና 2 የተገኙት ልኬቶች ነገሩን ገለጡት። ቴሌስኮፑ ፑልሳሩን በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ያይ ነበር፤ በሁለቱም ቀናት በዚያ ጊዜ ውስጥ የምቱ ጊዜ እያጠረ ሄደ። የሁለተኛው ቀን ለውጥ የፊተኛውን ይመስላል፤ ልዩነቱ በ45 ደቂቃ መቅደሙ ብቻ ነው። መሣሪያ ሲሳሳት እንዲህ ያለ ሥርዓት አይኖረውም።

ፑልሳሩ ብቻውን አልነበረም። ከማይታይ ጓደኛው ጋር እየዞረ ወደ እኛ ሲመጣ ምቱ ይፈጥናል፤ ሲርቅ ይዘገያል። አንዱ ዙር 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሦስት ዙር 23 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ከአንድ ቀን የጎደለው ያ 45 ደቂቃ ነው። ሴፕቴምበር 16 ቀን ሀልስ የምቱ ጊዜ ማጠሩን አቁሞ መልሶ ሲረዝም አየ፤ ጥርጣሬውም አበቃ።

የግኝቱን ክብደት ለመረዳት ምሕዋሩን እንመልከት። እያንዳንዳቸው ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ያህል የሚከብዱ ሁለት ኮከቦች እጅግ ሲቀራረቡ በመካከላቸው ያለው ርቀት ምድር ከጨረቃ ያላትን ርቀት እጥፍ ያህላል። የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ዝናውን ካተረፈባቸው ማስረጃዎች አንዱ የሜርኩሪ ምሕዋር ቀስ እያለ መዞሩ ነበር። ሜርኩሪ በመቶ ዓመት የምታሳየውን ይህን ትርፍ ዙረት ጥንዱ ፑልሳር በአንድ ቀን ገደማ ይፈጽመዋል።

ትልቁ ጥያቄ ግን የስበት ሞገድ ነበር። አንስታይን በ1916 ተንብዮት፣ በ1936 ራሱ ለጥቂት ጊዜ ተጠራጥሮታል። ሞገዱ እውነት ከሆነ ኃይል ይዞ ስለሚሄድ ምሕዋሩ መጥበብ፣ ዙሩም ማጠር አለበት፦ በየዓመቱ 76 ማይክሮ ሰከንድ ያህል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ኢምንቱ ለውጥ በየዙሩ ይደመራል። በአራት ዓመት ውስጥ ኮከቦቹ እጅግ የሚቀራረቡበት ቅጽበት የቀደመው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ነው፤ በሠላሳ ዓመት ግን ወደ 40 ሰከንድ ተጠጋ። ቴይለርና ባልደረቦቹ በዲሴምበር 1978 ሙኒክ ላይ ይፋ ያደረጉት የመጀመሪያው ውጤት ከስሌቱ ጋር ገጠመ። በምድር ላይ ያለ መሣሪያ የስበት ሞገድን በቀጥታ የያዘው ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ነው፤ ከዚያ በፊት ሞገዱ መኖሩን ያሳመነን ይህ የዓመታት መዝገብ ነበር።

ስለ ምስጋናም አንድ ነገር ልበል። በ1974 መጸው፣ የሀልስ ግኝት ትኩስ ሳለ፣ ለፑልሳር ግኝት የተሰጠው የኖቤል ሽልማት የቤልን አማካሪ አንቶኒ ሂዊሽን ሲጨምር ቤልን አላካተተም። በ1993 ግን ሀልስ ከአማካሪው ጋር እኩል ተሸለመ። ሁለቱም ተማሪዎች ያደረጉት አንድ ነው፦ የማይገጥመውን ምልክት አልጣሉም።

ተማሪዎቼ፣ በቤተ ሙከራ ደብተሮቻችሁ ውስጥ የማየው ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ አንድም ስርዝ የለበትም፤ እኛ መምህራኑም ንጽሕናውን እያየን ማርክ እንሰጣለን። ይህ ልማድ የእኛ ጥፋት ነው። ሀልስ የተሰረዘውን ወረቀት ቀድዶ በንጹሕ ገልብጦት ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ግኝት እንዴት እንደሚወለድ የሚያሳየንን ምስክር እናጣ ነበር። የአሬሲቦው ታላቅ ቴሌስኮፕ ዲሴምበር 1 ቀን 2020 ፈርሷል፤ ቅጹ ግን ዛሬም ይነበባል። ስትሰርዙ በአንድ መስመር ሰርዙ፤ የታችኛው ቁጥር ይነበብ።